ገዳዩ ዓሣ ነባሪ ምን ይበላል? ሰውንስ ለምን አይበላም?

እ.ኤ.አ. በማርች 1970 በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከቪክቶሪያ ከተማ ብዙም በማይርቅ ፔደር በተባለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ አምስት ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች በመረብ ተከበቡ። የያዟቸው ሰዎች ዓላማ እንስሳቱን ለሕዝብ ማሳያነት ማዋል ነበር። ሁለቱ ወደ ማሳያ ገንዳ ሲወሰዱ ሦስቱ በመረቡ ውስጥ ቀሩ። ጠባቂዎቹም ከአካባቢው ባሕር የተያዘ ትኩስ የሳልመን ዓሣ ያቀርቡላቸው ጀመር። እንስሳቱ ግን አልነኩትም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወርም ሞላ። በሕይወት ያለ ዓሣ አጠገባቸው ቢለቀቅም ዘወር ብለው አላዩትም። ሰውነታቸው ከስቶ የጎድን አጥንታቸው ቅርጽ በቆዳቸው ላይ መታየት ጀመረ። በ75ኛው ቀን ከሦስቱ አንዷ ሞተች። 75 ቀን ማለት ከሁዳዴ ጾም በ20 ቀን የሚበልጥ ነው፤ ያውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንኳ የማይፈታ ጾም። የቀሩት ሁለቱ ሳልመን መቅመስ የጀመሩት እርሷ ከሞተች ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበር።

ዓሣ በሞላበት ባሕር ውስጥ፣ ዓሣ እየቀረበለት፣ አንድ ግዙፍ አዳኝ እንስሳ በረሃብ የሚሞተው ለምንድን ነው? በወቅቱ መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መልሱ በተገኘ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄም አብሮ መፍትሔ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። ይኸውም፦ ከእርሱ የሚበልጠውን ዓሣ ነባሪ ሳይቀር የሚገድል ይህ እንስሳ በውኃ ውስጥ የሚያገኘውን ሰው ለምን ይተወዋል? የሚለው ነው።

የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳለ ስለ ባሕር እንስሳ ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ይሁንና ወደፊት እንደምንመለከተው የዚህ እንስሳ የአመጋገብ ታሪክ በከፊል የድምፅ ሞገድ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ስሙና ዝናው

ገዳይ ዓሣ ነባሪ ወይም ኦርካ ስሙ እንደሚለው ዓሣም አይደለም፤ በጥብቅ ከተነጋገርንም ከዶልፊን ቤተሰብ የሚመደብና የዚያ ቤተሰብ ትልቁ አባል ነው። እንደ እኛው አየር የሚተነፍስ፣ ጡት የሚያጠባና ደመ ሞቃት አጥቢ እንስሳ ነው። ትልቅ ወንድ እስከ 9 ሜትር ሊረዝምና 6 ቶንና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። የሰውነቱን ሙቀት በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ጠብቆ ለመኖር በቀን ከ100 ሺህ ኪሎ ካሎሪ የማያንስ ምግብ ያስፈልገዋል። ለአንድ ሰው በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል ብንል የአንድ ኦርካ የቀን ቀለብ ቢያንስ ሃምሳ ሰዎችን ያጠግባል ማለት ነው።

ይህን የመሰለ በላተኛ ስለ ሆዱ ተረት ባይፈጠርለት ይገርም ነበር። በ1862 ኤሽሪክት የተባለው ዴንማርካዊ ሊቅ ከአንድ ኦርካ ሆድ ውስጥ የ13 ፖርፖይዞችንና የ14 አቆስጣዎችን ቅሪት ማግኘቱን ጽፎ ነበር። ፖርፖይዝ የዶልፊን የሩቅ ዘመድ የሆነ ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። አቆስጣን ደግሞ አብዛኞቻችን በስም የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ፈረንጆች ሲል የሚሉትን፣ በባሕር የሚያድንና በበረዶ ወይም በድንጋይ ላይ ወጥቶ የሚያርፈውን ወፍራም እንስሳ ለማለት ተጠቅመንበታል። የኤሽሪክት ዘገባ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር «ቅሪት» የምትለው ቃል ጠፋችና እንስሳው ሃያ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ እንደ ዋጣቸው ተደርጎ ይነገር ጀመር። ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲያነቡ እርሳስ እንዲያነሡ እንመክራለን። አንድ ፖርፖይዝ 50 ኪሎ ግራም፣ አንድ አቆስጣ 80 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል ድምሩ ወደ 1,800 ኪሎ ግራም ይጠጋል። 5 ቶን የሚመዝን እንስሳ የክብደቱን ከሦስት አንድ እጅ በላይ በአንድ ጊዜ በሆዱ ሊይዝ አይችልም። የተገኘው የብዙ ቀን ምግብ ፍርፋሪ ነበር። ያም ሆኖ ዝናው ተስፋፋ፤ እስከ 1960ዎቹ ድረስም ባሕረተኞችና ጠላቂዎች ኦርካን ሰውን ባገኘበት የሚሰባብር አውሬ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

በአንድ ባሕር ሁለት ማዕድ

የፔደሩን እንቆቅልሽ የፈታው ማይክል ቢግ የተባለው የካናዳ ተመራማሪ ነው። ቢግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በመሆን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ የሚታየውን እያንዳንዱን ኦርካ ፎቶግራፍ አነሣ። የጀርባ ክንፋቸው ላይ ያለው ጠባሳና ከኋላው ያለው ግራጫ ምልክት እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እያንዳንዱን በቁጥር መዝግቦ ለዓመታት መከታተል ተቻለ። በዚህ መዝገብ መሠረት በዚያው አንድ ባሕር ውስጥ የማይቀላቀሉ፣ የማይጋቡና «ቋንቋቸው» የተለያየ ሁለት ሕዝቦች እንዳሉ ታወቀ። አንደኛው ዓሣ ብቻ ይበላል፤ ከዓሣም መርጦ በተለይ ቺኑክ የተባለውን ትልቁንና ስቡን የሳልመን ዓይነት። ሁለተኛው ደግሞ አቆስጣን፣ የባሕር አንበሳን፣ ፖርፖይዝንና ሌሎች ዓሣ ነባሪዎችን እንጂ ዓሣን አይነካም። በፔደር የተያዙት አምስቱ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ። ጠባቂዎቹ ባለማወቅ የሚያቀርቡላቸው ነገር ለእንስሳቱ ምግብ አልነበረም ማለት ነው።

የእነዚህ ሁለት ወገኖች መለያየት የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አይደለም። የዘር ቅንጣት ጥናት እንደሚያመለክተው ሥጋ በሎቹ ከሌሎቹ የተለዩት ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት ነው። በ2024 የወጣ አንድ ጥናትም ሁለቱ እንደ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቅርቧል፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ባሕሮች የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው መጥተዋል። የኖርዌይ ኦርካዎች የሄሪንግ ዓሣ መንጋን ከበው እንደ ኳስ ካጠበቡ በኋላ በጅራታቸው በጥፊ መትተው ያደነዝዟቸዋል። በአርጀንቲና ቫልዴዝ ባሕረ ገብ ምድር ያሉት ሆን ብለው ወደ ደረቁ ዳርቻ እየተወረወሩ የባሕር አንበሳ ግልገል ነጥቀው ይመለሳሉ፤ ይህን አደገኛ ሥራ ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ለዓመታት እየተለማመዱ የሚማሩት ነው። በእኛው አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ፣ የጀርባ ክንፋቸው አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ የተቀለበሰ ሁለት ወንድ ኦርካዎች ታላቁን ነጭ ሻርክ እየገደሉ ጉበቱን ብቻ አውጥተው በመብላት ታውቀዋል። በ2017 በጋንስባይ አካባቢ ጉበታቸው የጎደለ የሻርክ ሬሳዎች ወደ ዳርቻ ሲጣሉ የአካባቢው ሻርኮች ለረጅም ጊዜ ከዚያ ውኃ ጠፉ። የሻርክ ጉበት ትልቅና በዘይት የተሞላ ስለሆነ ከኃይል ስሌት አንጻር ምርጫቸው አያስነቅፍም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቁን ግን የአንታርክቲካዎቹ ናቸው። አቆስጣ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተኝቶ ሲያገኙ መጀመሪያ አንገታቸውን ከውኃው ቀጥ አድርገው ያወጡና ይመለከቱታል። ከዚያ ጥቂት ርቀት ያፈገፍጉና ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ጅራታቸውን በአንድ ምት እያንቀሳቀሱ፣ ወደ በረዶው በፍጥነት ይዋኛሉ። እያንዳንዱ እንስሳ ከኋላው የሚፈጥረው ሞገድ ከጎረቤቱ ሞገድ ጋር እኩል ስለሚነሣ ይደመራል። ክፍል ውስጥ «ገንቢ የሞገዶች ጥምረት» እያልን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንስለው ይህንኑ ነው። ወደ በረዶው ሲደርሱ ከሥሩ ጠልቀው ያልፋሉ፤ የተደመረው ሞገድ ግን በላዩ አልፎ አቆስጣውን ጠርጎ ይጥለዋል። ሮበርት ፒትማንና ጆን ደርባን የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን አደን በቅርብ ተከታትለው በ2012 ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር አስፍረዋል። ኦርካዎቹ የሚፈልጉት ዌዴል የተባለውን የአቆስጣ ዓይነት ነው። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ሌላው ዓይነት ቢያጋጥማቸው ግን አይተው ይተዉታል። እንግዲህ ያ ሁሉ አንገት ማውጣትና መመልከት በከንቱ አይደለም፤ የተኛው ማን እንደሆነ እያጣሩ ነው።

ዝም ያለ አዳኝና የሚጮኽ አዳኝ

በባሕር ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይሄድም፤ ድምፅ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኦርካ ይህን በመጠቀም አጫጭር የጠቅታ ድምፆችን ወደ ፊት ይልክና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። 100 ሜትር ርቆ ካለ ዓሣ ላይ ነጥሮ የሚመለስ ድምፅ ደርሶ መልሱ 200 ሜትር ስለሆነ ከ0.13 ሰከንድ በኋላ ይደርሰዋል።

ዓሣውን «የሚያበራው» ግን ሥጋው አይደለም። የዓሣ ሥጋ እፍጋቱም በውስጡ የሚያልፈው ድምፅ ፍጥነትም ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብ አብዛኛው ድምፅ እንደሌለ ያህል አልፎት ይሄዳል። ዓሣው በሆዱ ውስጥ ለመንሳፈፊያ የሚይዘው የአየር ከረጢት ግን ሌላ ነው። የአንድ ነገር እፍጋት በውስጡ ባለው የድምፅ ፍጥነት ሲባዛ ለውኃ የሚገኘው ቁጥር ለአየር ከሚገኘው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ነገሮች በዚህ ረገድ እጅግ ሲራራቁ ድምፅ በድንበራቸው ላይ ማለፍ ስለማይችል ይነጥራል። ስለዚህ ከዓሣው ከሚመለሰው ድምፅ ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያች ከረጢት የሚመጣ ነው። የከረጢቷ ቅርጽና መጠን በየዝርያው ስለሚለያይ ኦርካው ቺኑክን ከሌላው የሳልመን ዓይነት በጨለማም ሊለይ እንደሚችል ሙከራዎች ይጠቁማሉ።

ዓሣ በሎቹ ይህን መሣሪያ ያለ ሥጋት ይጠቀሙበታል። ጠቅታቸው በአሥር ሺዎች ሄርዝ የሚቆጠር ሲሆን ሳልመን ከጥቂት መቶ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም። ለዓሣው አዳኙ ድምፅ የሌለው ነው። ለሥጋ በሎቹ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አቆስጣና ፖርፖይዝ ጥሩ የመስማት ችሎታ ስላላቸው አንዲት ጠቅታ ብቻ ሊያስመልጣቸው ይችላል። ስለሆነም ሥጋ በል ኦርካዎች በአደን ጊዜ ዝም ይላሉ። የታዳኙን ትንፋሽና እንቅስቃሴ እያዳመጡ ይጠጋሉ፤ ጠቅ ቢያደርጉ እንኳ አንዳንዴ፣ ነጠላ ድምፅ ጣል አድርገው ነው። ጨዋታው የሚደራው፣ እርስ በርስ የሚጠራሩትም፣ አደኑ ካበቃ በኋላ ነው።

ከእናት የተገኘ ማዕድ

ከሰው ከመጣ ቀለብ እየሸሸ በረሃብ የሚሞትን እንስሳ በካሎሪ ስሌት ብቻ ልናስረዳው አንችልም። በሥጋ በል ኦርካ ሆድ ሳልመን በደንብ ይፈጫል፤ በፔደር የተረፉት ሁለቱም በመጨረሻ በልተውታል። ያለው ልዩነት የሆድ ሳይሆን የአስተዳደግ ነው። ዓሣ በል በሆኑት ሕዝቦች ዘንድ ወንዱም ሴቷም ልጅ ዕድሜ ልኩን ከእናቱ አይለይም። እናት የያዘችውን ቆርሳ ታካፍላለች፤ ልጅም ምግብ ማለት ይህ ነው ብሎ ያድጋል። መውለድ ያቆሙ አሮጊቶች ለአሥርተ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሳልመን በሚጠፋበት ዓመት ቤተሰቡን ፊት ሆነው የሚመሩትም በአብዛኛው እነርሱ እንደሆኑ በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የክፉ ቀን መተላለፊያውን የሚያውቀው የቆየ ነው።

ለእኛ ይህ ሊከብደን አይገባም። በሀገራችን የግመል ሥጋ በአንዱ ቤት የድግስ ማድመቂያ ሲሆን በሌላው ቤት ስሙም በማዕድ ላይ አይነሣም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ሆድ አላቸው፤ ጎረቤታሞችም ሊሆኑ ይችላሉ። ከመካከላቸው በክፉ ቀን እንኳ የማይበላውን ለመብላት እጁ የማይታዘዝለት ይኖራል። እንስሳ ግን ባህል አለው ለማለት ሳይንቲስቶች ብዙ ዓመት አቅማምተዋል፤ ዛሬ ስለ ኦርካ ሲነገር ቃሉን የማይጠቀም ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። ነፃ ሆኖ በባሕር የሚኖር ኦርካ ሰው ስለ መግደሉ የተረጋገጠ አንድም ማስረጃ የለም። የሰው ሥጋ ስብ ስለሌለው ነው የሚሉ አሉ። ስብ ቢሆን የሚወስነው ግን ስብ ያለው ሳልመን ቀርቦለት 75 ቀን የሚጾም አይኖርም ነበር። ይልቁንም እናቱ ሰውን ስትበላ ያየ ኦርካ የለም፤ ስለዚህ ሰው ምግብ አይደለም።

አደጋ ሊደርስ የተቃረበባቸው አጋጣሚዎች ግን አሉ፤ ሁለቱን ማንሣት ይጠቅማል። በጃንዋሪ 1911 በስኮት የአንታርክቲካ ጉዞ ላይ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ኸርበርት ፖንቲንግ በበረዶው ጠርዝ ላይ ሆኖ ኦርካዎችን ሊያነሣ ሲሞክር፣ እንስሳቱ ከሥር ሆነው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን በረዶ ሰባበሩበት። በአቅራቢያው ሁለት ውሾችም ታስረው ነበር። ፖንቲንግ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ እየዘለለ አመለጠ፤ ውሾቹም ተረፉ። በዚያው ጊዜ ግዙፎቹ ራሶች በስንጥቆቹ መካከል ብቅ እያሉ ዙሪያውን ይመለከቱ ነበር። በ1972 ደግሞ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሰሌዳ ማዕበል ላይ የሚንሸራተት አንድ ወጣት እግሩ ተነክሶ ወደ 100 የሚጠጋ ስፌት አስፈልጎታል። እንስሳው ወዲያው ለቀቀው።

ሁለቱን አጋጣሚዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ያለ ይመስለናል፤ ይህ ግን የእኛ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ውጤት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል። በውኃ ውስጥ ያለ ሰው በአየር የተሞላ ሳንባ፣ ቀጫጭን ረጃጅም እግሮችና ጨርቅ ያለው እንግዳ ፍጥረት ስለሆነ ጠቅ ለሚያደርግ ኦርካ ማሚቶው ከአቆስጣ የተለየ መሆን አለበት። ከበረዶ በላይ ላለ ነገር ግን የድምፅ መሣሪያው ዋጋ የለውም። ቀደም ብለን እንዳየነው ድምፅ የውኃንና የአየርን ድንበር አያልፍምና። ስለዚህ እንስሳው መጀመሪያ ሰብሮ፣ ቀጥሎ በዓይኑ ማየት ግድ ይሆንበታል። ጥቁር የመዋኛ ልብስ ለብሶ ከውኃው ገጽ ላይ የተኛው ወጣትም ቢሆን የገጠመው ምናልባት ዝም ብሎ የሚያድን ኦርካ ነበር። ስሕተቱ የደረሰው ጆሮ ባልሠራበት ቦታ ነው።

በማሳያ ገንዳዎች ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከ1991 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት አራት ሰዎች በምርኮ ከሚኖሩ ኦርካዎች ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ከአራቱ ሦስቱ አሠልጣኞች ነበሩ። በሦስቱ ሞት ውስጥ ያለበት አንድ ቲሊኩም የተባለ ወንድ ሲሆን በ1983 በአይስላንድ ባሕር ገና በሁለት ዓመቱ ገደማ ከእናቱ ተነጥሎ የተያዘ ነበር። ለትምህርት በውጭ ሀገር ሳለን እንዲህ ካለው ገንዳ ዳር ተቀምጠን እንስሳው ሲዘል አጨብጭበናል፤ የፊተኛው ረድፍ ሲረጥብም ስቀናል። ዛሬ የምናስታውሰው ግን ትርዒቱ ካበቃ በኋላ በገንዳው ጥግ ተንሳፎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየውን ነው። በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ የሚችል፣ ዓለሙን በማሚቶ የሚያይ ፍጥረት ድምፁ በየሰከንዱ ከአራት ግድግዳ ነጥሮ በሚመለስበት ቦታ ሲዘጋ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ዕውቀታችን አይበቃም። ካናዳ በ2019 ባወጣችው ሕግ ዓሣ ነባሪዎችንና ዶልፊኖችን ለማሳያ መያዝን ከልክላለች።

ከጥላቻና ከፍርሃት ውጭ የሆነ ግንኙነትም ነበረ። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ኤደን በተባለችው የወደብ ከተማ ኦርካዎች ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎችን ወደ ወሽመጡ እየነዱ ያመጡ ነበር። ከዚያም በጅራታቸው ውኃውን እየመቱ አዳኞቹን ይጠሩ ነበር። ሰዎቹ በጦር ወግተው ከገደሉት በኋላ ሬሳውን ለአንድ ሌሊት ይተዉላቸዋል፤ ኦርካዎቹ ምላሱንና ከንፈሩን በልተው ሥጋውንና ስቡን ለሰዎቹ ይለቃሉ። ይህ ውል «የምላስ ሕግ» ይባል ነበር፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከነጮቹ በፊት ጀምሮ ከእንስሳቱ ጋር የነበረው ዝምድና መሠረቱ እንደሆነም ይታመናል። «ሽማግሌው ቶም» የተባለው የመጨረሻው ታዋቂ ኦርካ በ1930 ሞቶ አጽሙ በከተማው ቤተ መዘክር ይታያል።

በቅርቡ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በጅብራልታር ወሽመጥና በስፔንና በፖርቱጋል ጠረፍ ያሉ ኦርካዎች የሸራ ጀልባዎችን መሪ እየሰበሩ ጥቂቶቹን እስከ ማስጠም ደርሰዋል። ጋዜጦች «በቀል» ብለው ጽፈዋል። እነዚህ ግን በዋናነት ቱና የሚበሉ ናቸው፤ በውኃ ላይ የቀሩትን መርከበኞች አንዱንም አልነኩም፤ አጥኚዎቹም በዋናነት የወጣቶች ጨዋታ እንደሆነ ያምናሉ። ጨዋታው ለጀልባው ባለቤት የማያስቅ መሆኑ እሙን ነው። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ኦርካዎች የያዙትን ምግብ አምጥተው በሰው ፊት የጣሉባቸውን 34 አጋጣሚዎች ከተለያዩ ውቅያኖሶች ሰብስቧል። ከጣሉም በኋላ በአብዛኛው ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኛን ከሚበላው ዝርዝር ሳያገቡን ከሚበሉት ዝርዝር ሊያገቡን የሞከሩ ይመስላል።

የማዕዱ ዋጋ

ሰውን ከኦርካ ያዳነው ይኸው ግትር ማዕድ ባለቤቱን ራሱን ሊያጠፋው ደርሷል። በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ የሚኖሩት የደቡብ ዓሣ በሎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለማሳያ ገንዳ ሲባል ወደ ሃምሳ የሚጠጉ አባሎቻቸው፣ በብዛትም ልጆች፣ ተወስደውባቸዋል ወይም በአደኑ ሞተውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም ባይነካቸውም አላገገሙም። ቺኑክ የሚራባባቸው ወንዞች በግድብ ተዘግተዋል፤ ዓሣውም ተመናምኗል። የመርከብ ሞተር ጩኸት ደግሞ ደካማውን ማሚቶ ይውጠዋል። በ2017 የወጣ ጥናት ከተረጋገጡት እርግዝናዎች እስከ 69 ከመቶ የሚደርሱት ፍሬ ሳያፈሩ እንደቀሩና ዋናው ምክንያት የምግብ እጥረት እንደሆነ አስታውቋል። በ2018 አንዲት እናት የሞተች ግልገሏን በራሷ ተሸክማ ለ17 ቀናት ስትዋኝ ዓለም ተመልክቷል። በ2024 ቆጠራ ጠቅላላ ቁጥራቸው 73 ነበር።

በዚያው ውኃ ያሉት ሥጋ በሎች ግን ከ300 በላይ ሆነው እየተራቡ ናቸው። አቆስጣና የባሕር አንበሳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕግ ስለተጠበቁ ለእነርሱ ማዕዱ ሞልቷል። በፔደር ከሞት የተረፉት ሁለቱም ከእነዚህ ጋር ተቀላቅለዋል። በ1970 መጨረሻ አንድ ያልታወቀ ሰው መረቡን ከብዶ እንዲሰጥም ባደረገው ጊዜ አምልጠው ወጡ፤ በኋላም አቆስጣ ሲያድኑ ታይተዋል። በመረብ ውስጥ የለመዱትን ሳልመን ግን እዚያው ትተውታል።

ቮልከር ዴከ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዚያው ጠረፍ አንድ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን በ2002 አሳትሞ ነበር። በውኃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ጥለው የተቀዳ የኦርካ ጥሪ ለአቆስጣዎች አሰሙ። የሥጋ በሎቹ ድምፅ ሲመጣ አቆስጣዎቹ ወዲያው ጠለቁ። ከሩቅ ባሕር የመጡ የማያውቋቸው ዓሣ በሎች ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ አደረጉ። የሚያውቋቸው የአካባቢው ዓሣ በሎች ድምፅ በተሰማ ጊዜ ግን ራሳቸውን ከውኃው በላይ አድርገው እንደ ተንሳፈፉ ቀሩ።